የፀሐይ ፍንዳታዎች ምልከታ ታሪክና ለመንዝ፣ ለግሼና ለመርሐቤቴ ደጋ ትምህርት ቤቶች ያለው ፋይዳ

መግቢያ

ፀሐይን መመልከትና በፀሐይ መቁጠር ለመንዝ፣ ለግሼና ለመርሐቤቴ ሕዝብ እንግዳ ሙያ አይደለም። የቀኑ ሰዓት የሚቆጠረው ከንጋት ጀምሮ ነው። ሰዓት የሚለካ መሣሪያ በሌለበት ዘመን የሰው ጥላ በጫማ እየተለካ ጾም የሚፈታበት ጊዜ ይታወቅ ነበር። የባሕረ ሐሳብ መምህራንም ዐውደ ፀሐይን በ28 ዓመት፣ ዐውደ ቀመርን በ532 ዓመት እየቀመሩ በዓላትንና አጽዋማትን ሲያወጡ ኖረዋል። ይሁን እንጂ ይህ ዕውቀት የፀሐይን ጉዞ እንጂ የፀሐይን ጠባይ አይመለከትም። ፀሐይ በገጽዋ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ የሚወጣባት፣ ድንገት የምትፈነዳና የጋለ ጋዝ ወደ ጠፈር የምትረጭ አካል መሆንዋ የታወቀው ባለፉት አራት መቶ ዓመታት ውስጥ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ዕውቀት እንዴት እንደ ተገኘ፣ ኢትዮጵያም በምን በኩል እንደ ተካፈለችበት በአጭሩ አስረድቶ፣ መሣሪያ ያልተሟላላቸው የደጋ ትምህርት ቤቶች ከታሪኩ ምን ሊማሩ እንደሚችሉ ማመልከት ነው።

ከነጠብጣብ ቆጠራ እስከ ፍንዳታ

እ.ኤ.አ. ከ1610 ጀምሮ ጋሊሌዮና በዘመኑ የነበሩ ሌሎች ሊቃውንት ቴሌስኮፕን ወደ ፀሐይ አዙረው በገጽዋ ላይ ጥቁር ነጠብጣቦች አዩ። የነጠብጣቦቹ ቁጥር በተወሰነ ዘመን እንደሚበዛና እንደሚያንስ የደረሰበት ግን ሃይንሪሽ ሽቫበ የተባለ ጀርመናዊ ነው። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. ከ1826 ጀምሮ ሰማይ በጠራበት ቀን ሁሉ ነጠብጣቦቹን እየቆጠረ መዝግቦ፣ ውጤቱን ያሳተመው በ1843 ነው። በአማካይ 11 ዓመት ያህል የሚፈጀው የፀሐይ ዑደት የታወቀው በዚህ ዓይነት ትዕግሥት ነው። ይህን ዑደት ከዐውደ ፀሐይ ጋር ማደባለቅ አይገባም። ዐውደ ፀሐይ ዕለትና ቀን የሚገጣጠሙበት የአቆጣጠር ዙር ሲሆን፣ የ11 ዓመቱ ዑደት ግን የፀሐይ የራስዋ ጠባይ ነው።

እ.ኤ.አ. መስከረም 1 ቀን 1859፣ በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 27 ቀን 1851 ዓ.ም.፣ ሪቻርድ ካሪንግተንና ሪቻርድ ሆጅሰን የተባሉ እንግሊዛውያን በየፊናቸው ፀሐይን ሲመለከቱ ከአንድ የነጠብጣብ ክምችት ላይ ብርቱ ነጭ ብርሃን ብልጭ ብሎ አምስት ደቂቃ ያህል ቆይቶ ሲጠፋ አዩ። በዚያው ሰዓት ኪው በተባለው ኦብዘርቫቶሪ ያለው የመግነጢስ መመዝገቢያ መርፌ ጥቂት ተንቀሳቀሰ። ከ17 ሰዓት ተኩል ያህል በኋላም ታላቅ የመግነጢስ ማዕበል መሬትን መታ፤ በአውሮፓና በአሜሪካም የቴሌግራፍ ሥራ ተሰናከለ። ካሪንግተን ሁለቱን ነገሮች በችኮላ ከማያያዝ ተቆጥቦ ነበር። የኋላ ዘመን ጥናት ግን ዝምድናቸውን አረጋገጠ።

ምክንያቱ የተገለጠው ደረጃ በደረጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1908 ጆርጅ ኤለሪ ሄል ነጠብጣቦቹ ብርቱ የመግነጢስ ኃይል ያለባቸው ሥፍራዎች መሆናቸውን አሳየ። ከፀሐይ ውስጥ የሚወጣው የመግነጢስ መስክ በነዚህ ንቁ ሥፍራዎች ይጠማዘዛል፤ ተቃራኒ መስኮች ሲገናኙም ተበጥሰው እንደገና ይያያዛሉ። በዚህ ጊዜ የታመቀው ጉልበት በሦስት መልክ ይለቀቃል። አንደኛው የብርሃንና የራጅ ጨረር ፍንዳታ ነው። ሁለተኛው እንደ ምንጭ ውሃ ቀጥኖ የሚፈናጠር የፕላዝማ ጅረት፣ ማለትም ጄት ነው። ሦስተኛው ከነመግነጢስ መስኩ ወደ ጠፈር የሚወረወር ታላቅ የፕላዝማ ደመና ነው። ደመናው በሰው ሠራሽ ሳተላይት ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ1971 ሲሆን፣ የራጅ ጨረር የሚያወጡትን ጄቶች በብዛት የገለጠችው በ1991 የመጠቀችው ዮኮ የተባለችው የጃፓን ሳተላይት ናት።

የኢትዮጵያ ድርሻ

ከሰኔ 24 ቀን 1949 እስከ ታኅሣሥ 22 ቀን 1951 ዓ.ም. የተካሄደው ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት የታቀደው ፀሐይ በምትበረታበት ወቅት እንዲውል ተደርጎ ነው። እንደ ታሰበውም በ1950 ዓ.ም. የነጠብጣቦች ቁጥር በተመዘገበ ታሪክ ውስጥ ከፍተኛ ከሆነው ደረጃ ደረሰ። በዚሁ ዓመት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ፣ በአራት ኪሎ ግቢ፣ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ የመግነጢስ ምዝገባ ጀመረ። መሥራቹና የረዥም ጊዜ ኃላፊው ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን አባ ፒየር ጉዌን ነበሩ። ጉዌን በሰሜን ሸዋ ይበልጥ የሚታወሱት በመሬት መንቀጥቀጥ ጥናታቸው ሊሆን ይችላል፤ በ1953 ዓ.ም. ከመንዝ ደጋ ግርጌ ማጀቴንና ካራ ቆሬን ያናወጠውን መንቀጥቀጥ መርምረዋልና። የመሬትን ንውጽውጽታ የሚከታተለው ያው ኦብዘርቫቶሪ የፀሐይንም ቁጣ ይመዘግብ ነበር።

ለምዝገባው አዲስ አበባ የተመረጠ ሥፍራ የሆነችበት ምክንያት አለ። የመግነጢስ መርፌ ወደ ላይም ወደ ታችም ሳያዘነብል አግድም የሚቆምበት መስመር፣ የመግነጢስ ወገብ የሚባለው፣ በአዲስ አበባ አቅራቢያ ያልፋል። በዚህ መስመር ግራና ቀኝ፣ ከምድር 105 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ ቀን ቀን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚፈስ ብርቱ የኤሌክትሪክ ጅረት አለ። ምልክቱ አስቀድሞ የታየው እ.ኤ.አ. በ1922 በተቋቋመው፣ ከ3,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው የፔሩ ደጋ በሁዋንካዮ ኦብዘርቫቶሪ ነው። ስሙን የሰጠው ሲድኒ ቻፕማን ሲሆን፣ የጂኦፊዚክስ ዓመቱን ኮሚቴ የመራውም እርሱ ነው። የጅረቱ ስፋት በመስመሩ በያንዳንዱ ወገን 300 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ መሐል ሜዳ፣ ሞላሌ፣ ራቤልና ዓለም ከተማ ሁሉ ከሥሩ ይገኛሉ።

በፀሐይ ላይ ፍንዳታ ሲነሣ የራጅ ጨረሩ በስምንት ደቂቃ ገደማ ደርሶ የላይኛውን አየር የኤሌክትሪክ አስተላላፊነት ይጨምራል፤ ጅረቱም ድንገት ይበረታል። በዚህ ጊዜ የኦብዘርቫቶሪው መርፌ በወረቀት ላይ አጭር ቅንጭብ ይሥላል። ኪው ላይ በ1859 እ.ኤ.አ. የታየው ይኸው ምልክት ነበር። ሌሊት ግን ጅረቱ ስለሚከስምና ፀሐይም በማዶ ስለምትሆን ይህ ምልክት አይታይም። ስለሆነም ኢትዮጵያ የፀሐይን ፍንዳታ ስትመዘግብ የኖረችው በታላቅ ቴሌስኮፕ ሳይሆን በራስዋ ሰማይ ላይ በሚፈሰው ጅረት አማካይነት ነው ማለት ይቻላል። የምዝገባው ሥራ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቀጥሎ፣ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም በታዋቂው የቅኔ ደብር ስም የተሰየመው የዋሸራ ላቦራቶሪ የላይኛውን አየር ማጥናት ይዟል።

ጉዳዩ ለዕለት ኑሮም ቅርብ ነው። ፍንዳታ በተነሣ ጊዜ በቀኑ ክፍል የአጭር ሞገድ ሬዲዮ ከደቂቃዎች እስከ ሰዓት ለሚደርስ ጊዜ ሊጠፋ ይችላል። እ.ኤ.አ. መጋቢት 13 ቀን 1989 በካናዳ የኩቤክ ክፍለ ሀገር ስድስት ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ለዘጠኝ ሰዓት መብራት ያጣው በመግነጢስ ማዕበል ምክንያት ነበር። ግንቦት 2 ቀን 2016 ዓ.ም. የተነሣውም ማዕበል ባለፉት ሃያ ዓመታት ከታዩት ሁሉ የበረታ ሆኖአል።

ለትምህርት ቤቶች የሚሰጠው ትምህርት

ከታሪኩ የሚገኘው ዋና ቁም ነገር የሽቫበም ሆነ የአራት ኪሎው ሥራ የተመሠረተው በየቀኑ ሳይቋረጥ በተያዘ መዝገብ ላይ መሆኑ ነው። ስለዚህ «መሣሪያ የለንም» የሚለው ምክንያት የፀሐይን ትምህርት የፕላኔቶችን ስም በቃል ከማጥናት እንዳያልፍ ሊያደርገው አይገባም።

በቅድሚያ የዓይን ደኅንነት መጠበቅ አለበት። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ላሊበላን አቋርጦ ያለፈው ቀለበታዊ የፀሐይ ግርዶሽ በሰሜን ሸዋም በከፊል ታይቶአል። በእንዲህ ያለ ቀን ልጆች ፀሐይን በባዶ ዓይን፣ በጨለመ ጠርሙስ ወይም በራጅ ፊልም እንዳያዩ ማስጠንቀቅ የመምህሩ ግዴታ ነው። ፀሐይን በሌንስ አሻግሮ መመልከት ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው፤ የዓይን ብርሃን ያጠፋል።

አደጋ የሌለበት ዘዴ ምስሉን በወረቀት ላይ ማሳረፍ ነው። በጨለመ ክፍል ግድግዳ ላይ ካለች ጠባብ ቀዳዳ የሚገባው ብርሃን ከአምስት ሜትር ርቀት ላይ አራት ተኩል ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው የፀሐይ ምስል ይሠራል። ባለ ሁለት ዓይን መነጽር ከተገኘ፣ መምህሩ ራሱ ይዞት አንደኛውን ሌንስ ሸፍኖ በሌላው በኩል ምስሉን በነጭ ወረቀት ላይ ቢያሳርፍ ነጠብጣቦቹ በጉልህ ይታያሉ። ተማሪዎች የሚያዩት ወረቀቱን ብቻ ነው፤ ፀሐይዋን አይደለም። ቀጥሎም ቀኑን፣ ሰዓቱንና የሰማዩን ሁኔታ ጽፈው ነጠብጣቦቹን ይሥላሉ። የክምችቶቹን ቁጥር በ10 አባዝተው የነጠብጣቦቹን ቁጥር ይደምሩበታል። ለምሳሌ 3 ክምችትና 14 ነጠብጣብ ቢታይ ውጤቱ 44 ይሆናል። ይህ የሥሌት መንገድ ሩዶልፍ ቮልፍ በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ያወጣው ነው።

በመንዝ ደጋ የበልግ ዝናብ ከመግባቱ በፊት ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። ከምድር ሲታይ ፀሐይ በ27 ቀን ገደማ አንድ ጊዜ ስለምትዞር፣ በነዚህ ሦስት ወራት ተማሪዎች ከሦስት ዙር በላይ ይከታተላሉ። አንድ ነጠብጣብ ከአንዱ ጠርዝ ወጥቶ በሌላው እስኪጠልቅ 13 ቀን ያህል መፍጀቱን በራሳቸው ሥዕል ሲያረጋግጡ ዕውቀቱ የራሳቸው ይሆናል።

የሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆችም ይህን ተግባር ከሒሳብ፣ ከጂኦግራፊና ከባሕረ ሐሳብ ታሪክ ጋር አያይዘው ሊያቅዱት ይገባል። የአንድ ዓመት መዝገብ ብዙ አይናገር ይሆናል። ነገር ግን አንዱ ክፍል ለተከታዩ እያስረከበ 11 ዓመት የዘለቀ መዝገብ፣ ወረቀትና እርሳስ ብቻ ባለው ትምህርት ቤት ውስጥ፣ የፀሐይን ሙሉ ዑደት ያሳያል።