«በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ»፦ ተረቱ ምን ያህል እውነት ነው?

እስቲ አስቡት። ባሕር ዳር፣ ሹም አቦ አካባቢ እየሄዳችሁ ነው። «ሌባ! ያዘው!» የሚል ጩኸት ሰማችሁ። ዞር ስትሉ የተያዘው ዳቦ የነጠቀ የአሥር ዓመት ልጅ ነው። አንዱ በጥፊ ሊመታው ይጋፋል፣ ሌላው «ፖሊስ ይጠራ» ይላል፣ አንድ እናት ደግሞ «ተዉት፣ ልጅ እኮ ነው» ይላሉ። ማን ትክክል ነው?

አገራችን ለዚህ የቆየ መልስ አላት። ልጁ እንቁላል ሰረቀ፣ እናቱ ዝም አለች፤ ቀጥሎ ዶሮ፣ ቀጥሎ በሬ፣ መጨረሻው ስቅላት። ሊሰቀል ሲል «እናቴ፣ በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ» አለ ይባላል። ተረቱን እንደ መላምት ካየነው ሁለት ነገር ይናገራል፦ የወንጀል ሥሩ ልጅነት ውስጥ ነው፤ መድኃኒቱ ደግሞ ቅጣት ነው። ሁለቱን ለየብቻ እንፈትናቸው።

በመጀመሪያው እንጀምር። እንግሊዛዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ጆን ቦልቢ እ.ኤ.አ. በ1944 ባሳተመው ጥናት፣ የሰረቁ 44 ልጆችን ካልሰረቁ 44 ልጆች ጋር አነጻጸረ። ከሰረቁት ውስጥ 14ቱ ለማንም ፍቅር የማይሰማቸው መስለው ታዩት፤ ከእነዚህ 12ቱ በጨቅላነታቸው ከእናታቸው ለረጅም ጊዜ ተለይተው ነበር። ግን ልብ በሉ፦ ሁለት ነገሮች አብረው ስለተገኙ ብቻ አንዱ የሌላው ምክንያት ነው ማለት አይቻልም። ድህነት፣ የቤት ውስጥ ጠብና የጓደኛ ግፊትም አሉ።

ደግሞስ እንቁላል የሰረቀ ሁሉ በሬ ይሰርቃል? አይሰርቅም። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ቴሪ ሞፊት እ.ኤ.አ. በ1993 ሁለት ዓይነት ልጆችን ለይታ አሳየች። ጥቂቶቹ ገና ከሕፃንነታቸው ጀምረው ይቀጥላሉ፤ እነዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የአእምሮ እድገት ችግርና አስቸጋሪ አስተዳደግ ይገናኛሉ። አብዛኞቹ ግን በጉርምስና ያጠፋሉ፣ ሲበስሉ ይተዋሉ።

ቅጣቱስ? አልበርት ባንዱራ እ.ኤ.አ. በ1961 ባደረገው ሙከራ፣ ትልቅ ሰው አሻንጉሊት ሲደበድብ ያዩ ሕፃናት ራሳቸውም አሻንጉሊቱን እንደዚያው ደበደቡ። እንግዲህ በጥፊ የተመታ ልጅ ምን ይማራል? ስርቆትን መተው ሳይሆን፣ ጉልበት ያለው ደካማውን መምታት እንደሚችል ሊማር ይችላል።

የሚገርመው ምን መሰላችሁ? ሕጋችን ይህን ጥያቄ ቀደም ብሎ አንስቶታል። ስዊዘርላንዳዊው ዣን ግራቨን ያረቀቀው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ዘጠኝ ዓመት ያልሞላውን ልጅ ከተጠያቂነት አወጣው፤ ከዘጠኝ እስከ አሥራ አምስት ላሉት ደግሞ የተለየ እርምጃ ደነገገ። ዳኛው ስለ ልጁ ጠባይ፣ ትምህርትና አኗኗር ወላጆቹንና ትምህርት ቤቱን እንዲጠይቅ ፈቀደለት። ያው ሕግ ግን ግርፋትንም አልተወም ነበር፤ ከተረቱ ገና አልተላቀቀም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ግርፋቱን ሲያስቀር የዕድሜውን ገደብና ጥያቄውን አቆይቷል።

እኔ ኢንጂነር ነኝ። ግድግዳ ሲሰነጠቅ ስንጥቁን ልስን ቀብቶ መሄድ ቀላል ነው፤ መሠረቱ ካልታየ ግን ተመልሶ ይሰነጠቃል። ልጅም እንዲሁ ይመስለኛል። አንድ ልዩነት አለ፦ ግድግዳ ሲጠየቅ አይመልስም፣ ልጅ ግን ይመልሳል።

ወደ ሹም አቦው ልጅ እንመለስ። ተረቱ ግማሹ እውነት ነው፦ የእናትየው ዝምታ ስሕተት ነበር። ዳቦው የአንድ ሰው እንጀራ ስለሆነ ልጁ ይቅርታ መጠየቅና ጥፋቱን ማካካስ አለበት። ነገር ግን የዝምታ ተቃራኒ ዱላ ብቻ አይደለም። እናትየው «እንቁላሉን ከየት አመጣኸው? ለምን ወሰድከው? ና አብረን እንመልሰው» ብትለውስ?

ነገ «ሌባ!» የሚል ጩኸት ስትሰሙ እጃችሁን ከማንሳታችሁ በፊት ልጁን አንድ ነገር ጠይቁት፦ «ዛሬ ምን በላህ? ከማን ጋር ነው የምትኖረው?»