ሽንኩርቱ ነው!

እስቲ ወደ 1955 እንመለስ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። በዚያ ዓመት፣ በሦስት ወር ውስጥ፣ ሁለት የአሜሪካ ትልልቅ ፖለቲከኞች ሃርት አታክ ያዛቸው። ሁለቱም መጀመሪያ የከሰሱት ልባቸውን ሳይሆን ምሳቸውን ነበር።

አንደኛው ሊንደን ጆንሰን ናቸው። ያኔ ገና 46 ዓመታቸው ነው፤ በሴኔቱ የአብላጫው ፓርቲ መሪ፣ ሲጋራ ከእጃቸው የማይለይ ሰው። ጁላይ 2 ቀን ቨርጂኒያ ወዳለው የወዳጃቸው የገጠር ቤት በመኪና ሲሄዱ ደረታቸውን ተጫናቸው። የበሉት አልተፈጨልኝም ብለው አሰቡ። ቤቱ ደርሰውም በዚሁ ጸኑ። ደግነቱ ከእንግዶቹ መካከል ሴናተር ክሊንተን አንደርሰን ነበሩ፤ ራሳቸው ቀደም ብለው ልባቸውን ታመው የዳኑ። አይተው ዝም አላሉም፤ ይኼ የልብ ነው አሉ። ሐኪም ተጠራ፣ ጆንሰን ሆስፒታል ገቡ፣ ተረፉ።

ሁለተኛው ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ናቸው። የእሳቸው ታሪክ ነው ይበልጥ የሚገርመን። ዕድሜያቸው 64፤ ዴንቨር፣ አማታቸው ቤት፣ ለእረፍት ሄደዋል። ሴፕቴምበር 23 ቀን ጎልፍ ሲጫወቱ ዋሉ። በመሃል ከዋሽንግተን የሚመጣ ስልክ ጨዋታቸውን እያቋረጠ አናዷቸዋል። ምሳ ሃምበርገር በጥሬ ሽንኩርት ነበር። ከሰዓት በኋላ ሲረብሻቸው ታዲያ ጥፋተኛው ሽንኩርቱ ሆነ። ሌሊት 8 ሰዓት አካባቢ ደረታቸውን አሟቸው ሲነቁ ባለቤታቸው ማሚ ያቀረቡላቸው የጨጓራ ማስታገሻ ነው። ቀጥሎ የግል ሐኪማቸው ሃዋርድ ስናይደር ተጠሩና መጡ። ሞርፊን ወጓቸው፤ ፕሬዚዳንቱ ተኙ። ጠዋት ለጋዜጠኞች የተነገረው «የሆድ መረበሽ» ነው። የልብ መመርመሪያው ማሽን መጥቶ እውነቱ የታየው ከቀኑ 7 ሰዓት ገደማ ነበር። አስር ሰዓት አልፎት ነበር!

ስናይደር በኋላ ላይ፣ ከመጀመሪያው አውቄዋለሁ፣ ሰው እንዳይደነግጥ ብዬ ነው ዝም ያልኩት ብለዋል። ክላረንስ ላዝቢ የተባሉት የታሪክ ሰው በ1997 ባወጡት መጽሐፍ ይህን አልተቀበሉም፤ ሐኪሙም እንደ በሽተኛው በሆድ ተሳስተዋል ባይ ናቸው። እኛ ወደ ላዝቢ እናደላለን። ሰኞ ዕለት የኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ በአንድ ቀን ከ6 በመቶ በላይ ወረደ። የዓለም ኃያል ሰው፣ የግል ሐኪም ጎናቸው ድረስ መጥቶላቸው፣ ጉዳዩ ግማሽ ቀን «ሆድ» ተብሎ ቆየ። ስለዚህ ሰው የሚዘገየው ስላልተማረ ነው ለሚሉን መልሳችን ይኸው ነው።

ጨጓራ መቼስ ምቹ ስም ነው። አያስፈራም፤ መድኃኒቱም ቤት ውስጥ አለ። እዚያ ማግኒዥያ፣ እዚህ ፌጦ። «ጨጓራዬ ነው» ያላለ ሰው እኛ ሰፈር ካለ ይጠቆመን። የልቡ ሕመም ደግሞ ያግዘዋል፤ መጣ ሄደት ይላል፤ ጋብ ባለ ቁጥር «አላልኳችሁም?» ያሰኛል። ሁልጊዜም ፊልም ላይ እንዳየነው ደረት ይዞ መውደቅ አይደለም፤ አንዳንዱን መንጋጋውን፣ ክንዱን ወይም ጀርባውን ነው የሚያመው፤ ሌላውን ቀዝቃዛ ላብ አጥምቆ ያቅለሸልሸዋል። በዚያ ላይ ይሉኝታ አለ። በሌሊት ሰው ቀስቅሶ፣ መኪና ለምኖ፣ ሆስፒታል ደርሶ «ጋዝ ነው» ተብሎ መመለስ! ብዙ ሰው ከሞት ይልቅ ይህን የሚፈራ ይመስላል።

በ1955 መዘግየቱ ዛሬ የሚያስከፍለውን ያህል አያስከፍልም ነበር። ሕክምናው በአብዛኛው ሕመም ማስታገስ፣ ኦክስጅንና ረዥም እረፍት ነው። አይዘንሃወርም ሰባት ሳምንት ያህል ሆስፒታል ቆይተው ወጡ፤ በ1956 ዳግም ተመረጡ፤ የሞቱት በ1969 ነው። ሰዓቱ ውድ የሆነው ከዚያ በኋላ ነው። የቤልፋስቱ ሐኪም ፍራንክ ፓንትሪጅ ብዙው ሰው ሆስፒታል ሳይደርስ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት እንደሚሞት አይተው፣ በ1966 ሐኪሙንና ልብን በኤሌክትሪክ የሚያስነሳውን ማሽን በአምቡላንስ ጭነው ወደ በሽተኛው ቤት ላኩ። በ1986 ደግሞ ከ11,000 በላይ በሽተኞች የተካፈሉበት የጣሊያን ጥናት ወጣ። የልብን ደም ሥር የዘጋውን የረጋ ደም የሚያሟሟ መድኃኒት በመጀመሪያው ሰዓት ለወሰዱት ሞትን በግማሽ ገደማ ቀነሰ፤ ከስድስት ሰዓት በኋላ ለደረሱት ግን ጥቅሙ ጎልቶ አልታየም። የአይዘንሃወርን አስር ሰዓት እዚህ ላይ አስቡት።

ታዲያ ሕዝቡን ማስተማር ነዋ! ተሞከረ። በ1990ዎቹ አሜሪካ ውስጥ 20 ከተሞች ተመርጠው፣ በግማሾቹ ለ18 ወራት ስለ ምልክቶቹ በመገናኛ ብዙኃንም በየሐኪም ቤቱም ቅስቀሳ ተካሄደ። ውጤቱ በ2000 ታተመ። ትምህርቱ በተሰጠባቸው ከተሞች አምቡላንስ የሚጠራው ሰው ጨመረ። ሕመሙ ከጀመረ እስከ ሆስፒታል የሚፈጀው ጊዜ ግን ካልተማሩት ከተሞች ጋር ሲነጻጸር ልዩነት አልነበረውም። አንዴ ታመው የሚያውቁ ሰዎች እንኳ በሁለተኛው ከሌላው ፈጥነው እንደማይነሱ ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል። ሴናተር አንደርሰንም የለዩት የጆንሰንን ነው፤ የራሳቸው ቢሆን ኖሮ ምን ይሉ እንደነበር እንጃ።