ደመወዙን በብር ከማባዛት በፊት

የእህቴ ልጅ ለንደን ሥራ አገኘና የቅጥር ደብዳቤውን ይዞ መጣ። «ጋሼ፣ ሕግ ተምረዋልና ይዩልኝ» አለኝ። እናቱ ደመወዙን በብር አባዝታ፣ በመጀመሪያው ወር ገንዘብ የቤቷን ጣሪያ ልታስቀይር አስባለች። እኔ ግን የጠየቅሁት «የመጀመሪያውን ወር በምን ትዘልቀዋለህ?» ብዬ ነው።

ወጪው የሚጀምረው ከቪዛው ነው። ከማመልከቻው ክፍያ ሌላ የጤና ክፍያ አለ፤ ከ2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለአዋቂ በዓመት 1,035 ፓውንድ ነው። የሚከፈለው ለቪዛው ዘመን በሙሉ አስቀድሞ ስለሆነ ለሦስት ዓመት 3,105 ፓውንድ ይመጣል። በጤና ባለሙያ ቪዛ የሚሄዱ ነፃ ናቸው።

ቀጥሎ ቤት ነው። በ2019 ሕግ መሠረት የዓመት ኪራዩ ከ50,000 ፓውንድ በታች ለሆነ ቤት መያዣው ከአምስት ሳምንት ኪራይ አይበልጥም፤ ደላላም ከተከራይ ኮሚሽን አይቀበልም። የወሩ ኪራይ 1,000 ፓውንድ ቢሆን፣ ከመያዣው ጋር ቁልፍ ለመቀበል 2,150 ያህል ያስፈልጋል። አከራዩ መያዣውን በ30 ቀን ውስጥ መንግሥት ባጸደቀው ተቋም ማስጠበቅ አለበት። ከአከራዩ ጋር በአንድ ቤት የሚኖር ተዳባይ ግን ይህ ጥበቃ የለውም። ስለዚህ ደረሰኝ ሳይቀበል ገንዘብ አይስጥ።

ብዙዎች የሚዘነጉት የማዘጋጃ ቤቱን ግብር ነው። ቤቱን ለብቻው የተከራየ ሰው ራሱ ይከፍላል፤ ብቻውን ከኖረ 25 በመቶ ይቀነስለታል።

እህቴን «ጣሪያው አንድ ክረምት ይታገሥ» አልኳት። አኮረፈች። ልጁ ግን በእፎይታ ተነፈሰ።