አባቱን የከሰሰው ኩባንያ

ኩባንያ ሲከሰስ እንደ ማንኛውም ተከሳሽ መልስ መስጠት አለበት። ከተጠየቀው ይህን አምናለሁ፣ ያን እክዳለሁ ይላል። ይሁን እንጂ አፍ የለውምና ሁልጊዜ የሚናገርለት ሰው ነው። ታዲያ ያ ሰው በኩባንያው ስም ቆሞ ኩባንያውን በወለደው ሰው ላይ ቢነሣስ? በእንግሊዝ አገር በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ላይ እንዲህ ሆኖ ነበር።

አሮን ሰሎሞን በምሥራቅ ለንደን፣ በኋይትቻፕል፣ ቡት ጫማ እያሠራ የሚሸጥ ነጋዴ ነበር። ይህ ነው የሚባል ገንዘብ ሳይኖረው ጀምሮ ከ30 ዓመት በላይ በሠራበት ሙያ ጥሩ ሀብት አፍርቷል። አብረውት የሚሠሩት አራት ወንዶች ልጆቹ ግን ድርሻችንን ስጠን እያሉ ይጨቀጭቁት ነበር። የ1862ቱ የኩባንያዎች ሕግ ኃላፊነቱ የተወሰነ ኩባንያ ለማቋቋም ሰባት ሰው ይጠይቃል። ሰሎሞን ቤተሰቡን ቆጠረ፦ እሱ፣ ሚስቱ፣ ሴት ልጁና አራቱ ወንዶች። ሰባት ሞላ።

እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1892 ኩባንያው ተመዘገበ። ስድስቱ አንዳንድ አክሲዮን ሲይዙ ሰሎሞን 20,001 ያዘ። ንግዱን ለኩባንያው የሸጠው በ39,000 ፓውንድ ግድም ነበር፤ ዋጋው ከነጋዴ ስሌት ይልቅ የባለቤት ፍቅር የተመነው ይመስላል። ከዚህ ውስጥ 10,000ውን የወሰደው በኩባንያው ንብረት ላይ መያዣ ባለው የዕዳ ሰነድ ነው። በዚህም መሥራቹ የኩባንያው አበዳሪ፣ ያውም በሰልፉ ፊት የሚቆም አበዳሪ ሆነ።

ብዙም ሳይቆይ ገበያው ከፋ። በጫማ ሥራው የሥራ ማቆም አድማ ተነሣ፤ መንግሥትም የጫማ ግዢውን ለብዙ ፋብሪካዎች ያከፋፍል ጀመር። መጋዘኑ በማይሸጥ ጫማ ተሞላ። ሰሎሞንና ሚስቱ ለኩባንያው አበደሩ። አልበቃ ሲል ሰሎሞን የዕዳ ሰነዱን ብሮደሪፕ ለሚባል ሰው አስይዞ 5,000 ፓውንድ ተበደረና ለኩባንያው ሰጠ። ወለዱ በጊዜው ስላልተከፈለ ብሮደሪፕ መብቱን ለማስከበር ከሰሰ፤ ኩባንያውም በ1893 ፈረሰ።

ከዚያ ወዲያ ለኩባንያው የሚናገርለት ሒሳብ አጣሪው ሆነ። ከጀርባው መያዣ የሌላቸው፣ ከ7,700 ፓውንድ በላይ የሚጠይቁ አበዳሪዎች አሉ። መልሱ ሁሉን የሚክድ አልነበረም። ጉዳዩ ሲሰማ የብሮደሪፕ ጥያቄ ትክክል መሆኑ ታመነ፤ የአክሲዮኖቹ ዋጋ ሙሉ በሙሉ መከፈሉም አላከራከረም። ብሮደሪፕ ድርሻውን ከወሰደ በኋላ 1,055 ፓውንድ ያህል ይተርፋል። ጠቡ በዚህች ትራፊ ላይ ነበር። ሰሎሞን «በሰነዴ መሠረት የእኔ ናት» ይላል። አጣሪው ደግሞ ሽያጩ የተጋነነ፣ ሰነዱም አበዳሪዎችን ለማታለል የወጣ ነው ሲል በሰሎሞን ላይ የተከሳሽ ከሳሽነት ክስ አቀረበ።

ክሱ በማስረጃ ፊት አልቆመም። ሰባቱም ባለአክሲዮኖች የሽያጩን ውል አውቀው ተስማምተውበታልና ተታለለ የሚባል ባለአክሲዮን አልተገኘም። ይሁንና ዳኛ ቮን ዊሊያምስ ራሱ አዲስ መንገድ ጠቆመ፦ ኩባንያው የሰሎሞን ወኪል ነው፤ ወኪል ያመጣውን ዕዳ ደግሞ ወካዩ ይክፈል። ዳኛ ከችሎት ወንበር ላይ ለአንዱ ወገን ክርክር ማቀበሉ እኔን እስከ ዛሬ ይገርመኛል። አጣሪው ይህንኑ ይዞ ረታ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም በ1895፣ ምክንያቱን ለውጦ፣ ውጤቱን አጸና። ያለው ሁሉ የሄደበት ሰሎሞን ለሎርዶች ምክር ቤት ይግባኝ ያለው በደሃ ደንብ ነው።

ፍርዱ የተሰጠው በኅዳር 1896፣ ከአድዋ ድል ስምንት ወር በኋላ ነበር። ሎርዶቹ በአንድ ድምፅ ሰሎሞንን ነፃ አወጡት። ሕጉ የሚጠይቀው ሰባት ሰው ነው፤ ዘመድ ይሁኑ ባዳ፣ አንድ አክሲዮን ይያዙ ሺህ፣ አይጠይቅም። ሎርድ ሆልስበሪ የወኪልነቱን ክርክር ከሥሩ ነቀለው። ኩባንያው በሕግ ሰው ከሆነ ንግዱ የራሱ እንጂ የሰሎሞን አይደለም፤ ሰው ካልሆነ ደግሞ ወኪል የሚባል ከነጭራሹ የለም። እኔ እንደማየው የአጣሪው መልስ የተሰነካከለው እዚህ ላይ ነው፤ በኩባንያው ስም እየከሰሰ ኩባንያ የለም ማለት አይቻለውም።

የአበዳሪዎቹ ነገር ግን አንጀት ይበላል። ሎርድ ማክኖተን ከኩባንያ ጋር መገበያየታቸውን ያውቁ ነበርና ሌላውን አይውቀሱ ካለ በኋላ፣ ለነጋዴ አበዳሪዎች ኩባንያው ከመፍረሱ በፊት በነበረ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ላበደሩት ዕዳ ቅድሚያ ቢሰጣቸው እንደሚሻል፣ ሕጉ ግን እንዲህ እንዳልሆነ ተናግሯል። እነርሱ ከትራፊዋ ሳንቲም አላገኙም።

በእኛም አገር የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ ኃላፊነቱ ለተወሰነ የግል ማኅበር ቢያንስ ሁለት ሰው ይጠይቅ ነበር፤ ሚስትን ወይም ወንድምን በጥቂት ድርሻ አስገብቶ ቁጥር መሙላት ለነጋዴው እንግዳ ዘዴ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ አንድ ሰው ብቻውን እንዲህ ያለ ማኅበር እንዲያቋቁም ፈቅዷል።