ከ«ዘገምተኛ» ወደ «ብዝኃ አእምሮ»፦ ስለ ልጆች የአእምሮ ልዩነት የተሠሩ የአማርኛ ስያሜዎች ታሪክ

ደልጊ በጣና ሐይቅ ሰሜን ምዕራብ ዳር፣ በጣቁሳ ወረዳ የምትገኝ ከተማ ናት። ከባሕር ዳር ወደ ጎርጎራ የሚሻገረው መርከብ ሲቆምባት የኖረች ወደብ በመሆኗ ሰውና ዕቃ ብቻ ሳይሆን ቃልም ይወርድባታል። በአዲስ አበባ የሚረቅቅ መመሪያ፣ በባሕር ዳር የሚባዛ የጤና ማስታወቂያና የትምህርት ቤት ደብዳቤ መድረሻው እንደ ደልጊ ያለ ስፍራ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው የአንድ የስያሜ ዘርፍ ታሪክ ሲሆን፣ ይኸውም ከእኩዮቻቸው በተለየ መንገድ የሚናገሩ፣ የሚያስቡና የሚማሩ ልጆች በአማርኛ ምን ሲባሉ እንደኖሩ፣ ዛሬስ ምን መባል እንደ ጀመሩ ነው። መለኪያችን ስያሜው በጉባኤ ላይ እንዴት እንደሚሰማ ሳይሆን ደልጊ ሲደርስ ምን እንደሚያደርግ ነው፤ እናት ልጇን ይዛ ከመዝጋቢው ፊት ስትቆም፣ ልጁ መግባቱን ወይም መመለሱን ብዙ ጊዜ የሚወስነው በቅጹ ላይ የሰፈረው ቃል ነውና።

አማርኛ በዚህ ረገድ የቃል ድኻ ሆኖ አያውቅም። ጅል፣ ቂል፣ ሞኝ፣ ተላላ፣ ነፈዝ፣ ፈዛዛ፣ ቀዥቃዣ፣ ቅብጥብጥ፣ ዱዳ፣ ተብታባ፣ ኮልታፋ እያሉ መዘርዘር ይቻላል። አብዛኞቹ ከስድብ የማይለዩ ከመሆናቸውም በላይ የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ላይ ያጭቃሉ፤ ቃል ያልወጣው፣ መስማት የተሳነውና ዐይን ለዐይን መተያየት የሚከብደው ልጅ ሦስቱም «ጅል» ሊባሉ ይችላሉ። የጣና ገበያ «ነጭ ዓሣ» እያለ በአንድ ስም የሚሸጠውን የዓሣ ወገን አጥኚዎች 15 ያህል ዝርያ አድርገው እንደለዩት ሁሉ፣ በዚህም ዘርፍ መለየቱ የመጣው ዘግይቶ ነው።

ከእነዚህ ቅጽሎች ጎን ለጎን ግን ሌላ የአነጋገር መንገድ ነበረ፤ እርሱም በግሥ መግለጽ ነው። ዕድሜው እየገፋ ሳይናገር የቆየ ልጅ «አፉን አልፈታም» ይባላል። ቋንቋን የአፍ መፈታት አድርጎ የሚያየው ይህ ፈሊጥ «አፍ የፈታበት ቋንቋ» በሚለው ሐረግ የእኛንም ሙያ የሚያገለግል ሲሆን፣ ልጁን ስም ሳይለጥፍበት ያለበትን ደረጃ ብቻ ይናገራል። ሁለተኛው የግሥ ዘርፍ «ለከፈው»፣ «ያዘው»፣ «መታው» የሚለው ነው። በእነዚህ ግሦች ልጁ ተሳቢ እንጂ ባለቤት አይደለም፤ ጥፋቱ ከውጭ መጣ ማለት ነው። ሆኖም ልጁን ከወቀሳ ሲያድኑት ቤተሰቡን ለሐሜት ይዳርጋሉ። በአዲስ አበባ በሁለት የሕፃናት የአእምሮ ጤና ክሊኒኮች 102 ተንከባካቢዎችን ጠይቆ በ2016 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ 40.2 በመቶው የልጃቸውን ሁኔታ በመንፈስ መያዝ፣ ሌሎች ደግሞ በኃጢአት ማስረዳታቸው ተመዝግቧል፤ 45.1 በመቶው እንደሚያፍሩ ተናግረዋል። በዚያው ጥናት ከሁሉ በልጦ የተጠቀሰው ያልተሟላ ፍላጎት ሕክምና ሳይሆን ትምህርት ነበር፤ 74.5 በመቶው ለልጃቸው የሚሹት ትምህርት ነው።

ወደ ትምህርት ቤት እንግባ። በጎንደርና በጎጃም፣ በጣናም ዙሪያ በሰፊው በኖረው የቆሎ ትምህርት ቤት ተማሪ የሚለካው በዕድሜ ሳይሆን በደረሰበት ንባብ ነው። ከፍ ያለው ዝቅ ያለውን ያስቀጽላል፤ አንዱ ዳዊት ሲደግም ሌላው በዚያው ጥላ ሥር ፊደል ይቆጥራል። ልጁ ሀሁን በቃሉ ብቻ እንዳይዘው «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» በሚለው ቅንብር ይፈተናል፤ ዐይኑ ፊደሉን እስኪለይ ድረስም አይቸኮልበትም። ይህን ሥርዐት ለማወደስ አንቸኩልም፤ አለንጋውና የእግር ብረቱም የታሪኩ ክፍል ናቸው። ለስያሜ ታሪክ የሚጠቅመን አንድ ነገር ግን አለ፤ የክፍል ደረጃና የዓመት ገደብ በሌለበት «የዘገየ ተማሪ» የሚባል ወገን ሊፈጠር አይችልም። መዘግየት በሰዓት የሚለካ ነው፤ ሰዓቱን ያመጣው ዘመናዊው ክፍል ነው።

ከክፍሉ ጋር «የአእምሮ ዘገምተኛ» መጣ። ይህ ስያሜ የፍቺ ውሰት ነው፤ የእንግሊዝኛው አቻ በላቲን «ማዘግየት» ከሚል ግሥ የተገኘ በመሆኑ ተርጓሚው «አዘገመ» ከሚለው ሥር አቻውን አበጀለት። በሥሩ ላይ አንዳች ነውር የለበትም። እንዲያውም ከዚያው ሥር የተገኘው «ዝግመተ ለውጥ» በባዮሎጂ መማሪያ መጻሕፍት የሕይወትን ሁሉ ታሪክ ይሸከማል፤ በእርሱ ተሰድቦ የሚያውቅ የለም። ሥሩ አንድ ሆኖ ሳለ አንደኛው ቃል ክብር፣ ሁለተኛው ውርደት የሆነው ስለምን ነው? ምክንያቱ በቅጥያው ላይ ነው ብለን እናምናለን። «-ተኛ» እና «-ኛ» በራሳቸው ክፉ አይደሉም፤ ሠራተኛ፣ እውነተኛ፣ መንገደኛ እንላለን። ነገር ግን አንዱን ጠባይ የሰውየው ሙሉ መጠሪያ ያደርጉታል። መንገደኛ ቤቱ ሲደርስ መንገደኛ መሆኑ ይቀራል፤ ዘገምተኛው ግን የሚደርስበት ቤት አልተሠራለትም።

በእንግሊዝኛው ዓለም ያው ቃል ስድብ ሆኖ በመገኘቱ ተተካ፤ በአሜሪካ የ2010 እ.ኤ.አ. ሕግ ከፌዴራል ሕጎች አወጣው፣ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበርም በ2013 እ.ኤ.አ. መመሪያው ላይ ለወጠው። በእኛም ዘንድ «የአእምሮ ዕድገት ውስንነት» የሚለው ሰፈነ። ለውጡ መልካም ነበር፤ ግን እስከ መጨረሻው አልሄደም። ዐረፍተ ነገሩ ውስጥ ሲገባ «የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለበት ልጅ» ሆነ። ሥሩ ተለወጠ፣ «-በት» ቀረ።

አንባብያን እንደሚያውቁት «ዘነበለት» እና «ዘነበበት» ዝናቡ አንድ ሆኖ የሚለዩት በደረሰበት ሰው ላይ ነው፤ ለፊተኛው በጎ፣ ለኋለኛው ጉዳት ነው። «ሀብት ያለው»፣ «እውቀት ያለው» ስንል፣ «ዕዳ ያለበት»፣ «ወባ ያለበት» እንላለን። «መጽሐፍ ያለበት ክፍል» እንደሚባለው «-በት» ቦታን ብቻ ያመለክታል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ እውነት ነው፣ ለክፍል። ለሰው ሲሆን ግን ሰሚው ሸክም ይሰማል። ከዚህ የተነሣ «ኦቲዝም ያለበት» እና «ኦቲዝም ያለው» የሚሉት ሐረጎች ተርጓሚ እንደ ፈቀደ የሚለዋውጣቸው አይደሉም።

ይህ ነጥብ ለተርጓሚዎች ከፍ ያለ ጥቅም አለው። በእንግሊዝኛ ረጅም ክርክር የተደረገው «ሰው» የሚለው ቃል ከሁኔታው ይቅደም ወይስ ይከተል በሚል ነው። ሰነድ ተርጓሚዎችም ሰውን ማስቀደም ይገባል የሚለውን ምክር እንዳለ ወደ አማርኛ ሲያመጡት እናያለን። ነገር ግን በአማርኛ አንጻራዊ ዐረፍተ ነገር ዘወትር ከስሙ ይቀድማል፤ ልጁ መጨረሻ ላይ መምጣቱ የቋንቋው ሕግ እንጂ ንቀት አይደለም። የእንግሊዝኛው ክርክር በቃል ቅደም ተከተል ላይ ሲሆን የእኛ በቅጥያ ላይ ነው። ሥር ስንለዋውጥ ብዙ ዓመት አልፎናል፤ ቅጥያውን የመረመረ ግን ጥቂት ነው።

ስለ «ኦቲዝም» ራሱ ጥቂት እንበል። ቃሉን በ1911 እ.ኤ.አ. ለሌላ ዓላማ የተጠቀመበት የስዊዘርላንዱ ብሎይለር ሲሆን፣ ሊዮ ካነር በ1943 እ.ኤ.አ. 11 ልጆችን በገለጸበት ጽሑፍ ዛሬ ወደምናውቀው ትርጉም አቀረበው። መነሻው «ራስ» የሚል የግሪክ ቃል ነው። በተለመደው የስያሜ ሥርዐት መሠረት ከአማርኛ ወይም ከግእዝ አቻ እናብጅለት ብንል ከ«ራስ» መነሣታችን ግድ ነበር፤ ውጤቱም ከ«ራስ ወዳድ» አጠገብ ይወድቅ ነበር። የውጭ ቃል መቀበል ሁልጊዜ ሽንፈት አይደለም። «ኦቲዝም» ለአማርኛ ጆሮ ባዕድ መሆኑ ራሱ ጠቀሜታው ነው፤ አሮጌ ስድብ አልተጣበቀበትም።

ቃሉን በሀገራችን ሕዝብ ዘንድ ያስተዋወቁት ከሁሉ በፊት ወላጆች ናቸው። የውበት ሙያ ትምህርት ቤት መሥራች የነበሩት ዘሚ የኑስ፣ ልጃቸው የሚማርበት ስፍራ በማጣታቸው በ2002 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ፤ ከዓመታት በኋላ ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልም ተከተለ። በ2013 ዓ.ም. ያረፉት ዘሚ ለእኛ ሙያ የተዉት ሌላም ነገር አለ፤ ያልተናገሩ ልጆችን ድምፅ ለማስተማር ከፊደላችን ተነሥተው ያበጁትን ዘዴ «አቡጊዳ ፎነቲክስ» ብለው ሰየሙት። ፊደላችን ተነባቢና አናባቢን በአንድ ምልክት ስለሚይዝ ልጁ የሚያየው አንድ ቅርጽ አፉ ከሚሠራው አንድ ቀለም ጋር ይገጥማል። የሥነ ጽሕፈት ተመራማሪው ፒተር ዳንኤልስ በ1990 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያለውን የአጻጻፍ ሥርዐት በዓለም አቀፍ ደረጃ «አቡጊዳ» ብሎ እንደ ሰየመው ይታወሳል። በቆሎ ትምህርት ቤት የፊደል መፈተኛ የነበረው ቃል በአንድ በኩል የሊቃውንት ስያሜ፣ በሌላ በኩል የአፍ መፍቻ መሣሪያ ሆነ ማለት ነው። የቋንቋ ሊቅ ያልሆኑት እናት ያገኙትን ይህን መንገድ የእኛ ወገን በሚገባ አለመመርመሩ ያስቆጫል።

አሁን የበለጠ ወደሚጎዳው ስያሜ እንመጣለን። ኢትዮጵያ በ2010 እ.ኤ.አ. በአዋጅ ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት በአማርኛ «የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት» ይባላል። የስምምነቱ 1ኛ አንቀጽ የአእምሮና የግንዛቤን ሁኔታ በግልጽ ያካትታል፤ የአማርኛው አርእስት ግን «አካል» ይላል። አካሉ ሙሉ የሆነ፣ የሚሮጥና የሚዘል ልጅ በዚህ ርእስ ሥር ይታያልን? በነገረ መለኮት «አካል» ማለት ከሥጋ የሰፋ እንደ ሆነ፣ ቃሉም ሁለንተናን እንደሚያመለክት የሚሟገት ይኖራል፤ ሙግቱ የሚያምር ነው፤ የደልጊ መዝጋቢ ግን ምሥጢረ ሥላሴን አያስብም፣ እጅና እግር ያያል። «የአካል ጉዳት ዓይነት» በሚለው አምድ ሥር የሚጻፍ ነገር ያጣው ልጅ እንደ ባለጌ ተቆጥሮ ወደ ቤቱ መመለሱ ከዚህ የትርጉም ጥበት የሚመነጭ ነው።

የመስክ ሠራተኞችም ተመሳሳይ ችግር አለባቸው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲን የመሳሰሉ ተቋማት የሚያካሂዱት ሥራ «ማኅበረሰብ አቀፍ ተሐድሶ» ይባላል። «ተሐድሶ» በገዳማትና በአድባራት በተከበበው የሐይቅ ዳር ምን እንደሚያስታውስ ለአንባብያን መንገር አያሻም፤ ሠራተኛዋ ስለ ልጁ ከመጠየቋ በፊት ስለ ሃይማኖቷ ትጠየቃለች።

በአንጻሩ የተሳካ ስያሜም አለን። በ1994 እ.ኤ.አ. ከወጣው የሳላማንካ መግለጫ በኋላ የተስፋፋው ሐሳብ በትምህርት ሚኒስቴር ሰነዶች «አካታች ትምህርት» ተባለ። ከዚያ በፊት «የተቀናጀ ትምህርት» ሲባል የሚቀናጀው ልጁ ነበር፤ በነበረው ክፍል ልክ መሆን የርሱ ድርሻ ነው። «አካታች» ግን የባለቤትነት ቅጽል ነው፤ የሚያካትተው ትምህርት ቤቱ ነው፣ ሥራውም በርሱ ላይ ወደቀ። ጩኸቱን መቀነስ፣ ለዕለቱ የሚሆነውን በሥዕል ማሳየት፣ መልስ የሚጠበቅበትን ጊዜ ማርዘም የመምህሩ ድርሻ ይሆናል። ሥሩም የ«ክተት» ሥር ነው፤ የክተት አዋጅ በታወጀ ጊዜ ማንም በቤቱ እንደማይቀር ሁሉ። ስያሜውን ያወጣው ሰው ይህን አስቦ ይሁን አይሁን፣ ቃሉ ይዞታል።

በመጨረሻ ያለው አዲሱ ጥያቄ ነው። የአእምሮ ልዩነት ጉድለት ሳይሆን የሰው ልጅ ተፈጥሯዊ መልክ ነው የሚለው ሐሳብ በአውስትራሊያዊቷ ጁዲ ሲንገርና በጋዜጠኛው ሃርቪ ብሉም ጽሑፎች በ1998 እ.ኤ.አ. ስም አግኝቷል። የስያሜው አርአያ የሥነ ምኅዳር ቃል ነበር። እኛም ለዚያ «ብዝኃ ሕይወት» የሚል የተደላደለ ቃል አለን፤ ጣና በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ከተመዘገበ ወዲህ የሐይቁ ዳር ነዋሪ ይህን ቃል ከስብሰባ ከስብሰባ ሰምቶታል። ስለዚህ «የነርቭ ብዝኃነት» ከሚለው የተጓተተ ትርጉም ይልቅ «ብዝኃ አእምሮ» የሚለውን እንመርጣለን፤ በደልጊ የሚያውቁት ቃል ወንድም ነው።

ችግሩ ለአንድ ልጅ አለመሆኑ ነው። አንድ ዓሣ ብዝኃ ሕይወት እንደማይባል አንድ ልጅም ብዝኃ አእምሮ ሊባል አይችልም፤ በእንግሊዝኛም ለግለሰቡ የሚሆነው ቅጽል ለብቻው፣ በ2000 እ.ኤ.አ. ገደማ፣ በካሲያን አሳሱማሱ ተፈጥሯል። «አእምሮ ልዩ» የሚል ቀርቦ ሰምተናል፤ «ልዩ» ብልጫንም ስለሚያመለክት ሙገሳ ይመስላል። ለትምህርት ቤት ቅጽና ለቤተሰብ ደብዳቤ እስከዚያው ድረስ ስም ባይፈለግ ይሻላል። ቋንቋው ቀድሞ ወዳወቀው ወደ ግሡ ተመልሶ «በቃል አይናገርም፣ በሥዕል ይግባባል»፣ «ጩኸት ይረብሸዋል»፣ «ለመጻፍ ጊዜ ያስፈልገዋል» ብሎ መጻፍ ይቻላል። «አፉን አልፈታም» እንኳ ጥንቃቄ ይሻል፤ ይፈታል የሚል ተስፋ ስለያዘ ሳይናገር ለሚያድገው ልጅ ሐሰት ይሆናል።

እነዚህ ልጆች ግን ያድጋሉ። ካደጉ በኋላ ስለ ራሳቸው የሚናገሩበት ቅጽል መሻታቸው አይቀርም፤ በሌላው ዓለም እንደ ታየውም ሐኪምና ተርጓሚ የሸሸውን ቃል ራሳቸው ሊያነሡት ይችላሉ። «ኦቲስቲክ» በመዝገበ ቃላት የሚገባበት ቀን ሲመጣ የሚሰጠው ምሳሌ ዐረፍተ ነገር በአንደኛ መደብ ይሁን እንላለን፦ «ኦቲስቲክ ነኝ» ተብሎ ይጻፍ።