ዳርቻዊ ሥርዓተ ነርቭ፦ ምንነቱ፣ ሥራውና የጉዳት ምልክቶቹ

የሰው ልጅ ሥርዓተ ነርቭ በሁለት ዐበይት ክፍሎች ይከፈላል። አንጎልና ሕብለ ሠረሠር ማዕከላዊው ክፍል ናቸው። ከእነርሱ ወጥተው እስከ ቆዳ፣ ጡንቻና የውስጥ አካላት የሚዘረጉት ነርቮች ዳርቻዊ ሥርዓተ ነርቭ ይባላሉ። ከአንጎል 12 ጥንድ፣ ከሕብለ ሠረሠር ደግሞ 31 ጥንድ ነርቮች ይነሣሉ።

ሥራቸው ምንድን ነው?

ስሜት አቀባይ ነርቮች ሙቀትን፣ ቅዝቃዜን፣ ንክኪንና ሕመምን ወደ ማዕከሉ ያደርሳሉ። አንቀሳቃሽ ነርቮች የማዕከሉን ትእዛዝ ለጡንቻ ያስተላልፋሉ። ሌሎች ደግሞ ከፈቃዳችን ውጭ የልብ ምትን፣ የምግብ መፈጨትንና ላብን ይቆጣጠራሉ። እሾህ የረገጠ ሰው ሕመሙ ገና ሳይሰማው እግሩን የሚያነሣው ትእዛዙ ከአንጎል ሳይጠበቅ ከሕብለ ሠረሠር ስለሚሰጥ ነው።

ሕመም አለመሰማት ለምን ያሰጋል?

ሕመም የሰውነት ጠባቂ ነው። ስሜት ያጣ እግር በጫማ ውስጥ የገባች ጠጠር ስታቆስለው አያውቅም። ቁስሉ ሳይታወቅ ያመረቅዛል፤ አጥንት ላይ ሲደርስም እግርን እስከ ማስቆረጥ ይደርሳል።

ዋና ዋና መንሥኤዎች

ለረጅም ጊዜ ከፍ ብሎ የቆየ የደም ስኳር ነርቮችን ይጎዳል። ጉዳቱ ብዙውን ጊዜ ከእግር ጣቶች ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል። የሥጋ ደዌ ተሕዋስም ነርቮችን ያጠቃል፤ ስሜት የሌለው ደብዘዝ ያለ የቆዳ ምልክት መለያው ነው። ከ6 እስከ 12 ወራት በሚወሰድ መድኃኒት ይድናል፤ ዘግይቶ ከታከመ ግን የጠፋው ስሜት ላይመለስ ይችላል። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የአልኮል መጠጥ ማብዛትና አደጋም ነርቭን ይጎዳሉ።

ምልክቶችና ጥንቃቄ

የእጅና የእግር መደንዘዝ፣ መውረር፣ ማቃጠል፣ ዕቃ ከእጅ ማምለጥ ሲያጋጥም ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባል። ከእግር ተነሥቶ በቀናት ውስጥ ወደ ላይ የሚወጣ ድካም ግን ትንፋሽን ሊያግድ ስለሚችል ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል።

የስኳር ሕመም ያለባቸው ወይም እግራቸው የደነዘዘ ሰዎች በየምሽቱ ውስጥ እግራቸውንና የጣቶቻቸውን መካከል ይመልከቱ፤ ጫማቸውን ከማጥለቃቸው በፊት ያራግፉ፤ በባዶ እግር አይሂዱ፤ እግራቸውን እሳት አያሙቁ። የሙቅ ውኃን ልክ በደነዘዘ እግር ሳይሆን በክርናቸው ይለኩ። የማያም ቁስልም ቢሆን ቁስል ነውና በጤና ባለሙያ ይታይ።