በሰሊጡ ሒሳብ ያልሰፈረው እንጀራ

የዛሬ ንግግሬ ስለ «ምክንያታዊው ሰው» ታሪክ ነው። መነሻዬም በመተማ ወረዳ የምትገኘው ኮኪት ናት።

ሰሊጥ ፈንድቶ ሳይረግፍ በጥቂት ቀናት ውስጥ መታጨድ አለበት። ስለዚህ በአጨዳ ወቅት ከደጋው ብዙ የቀን ሠራተኛ ወደ ቆላው ይወርዳል፤ ሠራተኛውም መብላት አለበት። አምራቹ እንጀራ ጋጋሪ ቢቀጥር ደመወዟ በወጪ መዝገብ ይሰፍራል። ሚስቱ ብትጋግር ግን ያ ወጪ ከመዝገቡ ይጠፋል፤ ትርፉም በዚያው ልክ ያደገ ይመስላል። እንጀራው ያው፣ ጭሱም ያው ነው።

እንግሊዛዊው ኢኮኖሚስት አርተር ፒጉ በ1920 እ.ኤ.አ. የዚህን እንቆቅልሽ አምሳያ ጠቅሶ ነበር፦ ሰው የቤት ሠራተኛውን ቢያገባ የአገር ገቢ ይቀንሳል። ማሪያን ፈርበርና ጁሊ ኔልሰን በ1993 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መድበል ጥያቄው ወደ ሥሩ ወረደ፦ ለመሆኑ ያሳደገው፣ የሚመግበውም የሌለ ይመስል ብቻውን የሚያሰላው ይህ «ምክንያታዊ ሰው» ማን ነው? በአስተዳደር ጥናትም ኸርበርት ሳይመን በ1947 እ.ኤ.አ. የሰው ምክንያታዊነት ውስን መሆኑን አሳይቶ ነበር። ዴኒስ መምቢና ሊንዳ ፑትናም በ1992 እ.ኤ.አ. ባቀረቡት ትችት ግን ይህም አስተሳሰብ ስሜትን ከምክንያት በታች ማስቀመጡን አመለከቱ።

በእኛም አገር የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ፣ ጾታ ሳይለይ በግሉ ለሚያርስ ሁሉ መሬት ፈቀደ። ቅጥር ሠራተኛ ማሠራትን ሲከለክል ግን፣ ሌላ በቂ መተዳደሪያ የሌላትን ሴት ከክልከላው አወጣ። እርፍ መጨበጥ የወንድ ሥራ በሆነበት አገር ይህ ርኅራኄ ነበር፤ በእኔ ንባብ ግን ሕጉ «አራሽ» ሲል በዓይነ ሕሊናው ማንን እንዳየም ይመሰክራል። ከ30 ዓመት በኋላ፣ አዋጅ ቁጥር 456/1997 የባልና ሚስት የጋራ ይዞታ በሁለቱም ስም እንዲመዘገብ ደነገገ።

ስሟ በደብተሩ ሰፈረ፤ ድካሟ ግን ሒሳቡ ውስጥ ገና አልገባም። ለስንት አጫጅ ስንት እንጀራ እንደሚበቃ፣ ማሽላው እስከ መቼ እንደሚያደርስ የምታሰላው እርሷ ሆና ሳለ፣ ስሌቷን «የቤት ጣጣ»፣ የባሏን ስሌት «ኢኮኖሚ» ብለን የለየነው እኛ ነን።

ተማሪዎቼ፣ የአምራችን ትርፍ ስታሰሉ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ እንጀራውን ማን ጋገረው?